ባዶ እጁን ላለመምጣት

የምወደውን ሰው በጥፊ ያጮልኩት በጠራራ ፀሐይ፣ በራችን ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ነው። እጄ ፈጣን ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ምላሴ ሲያጥረኝ እጄ ይቀድመኛል። የዚያን ቀኑን ያህል የጋለ ጥፊ ግን በሕይወቴ መትቼ አላውቅም፤ መዳፌ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። እሱ ንቅንቅ አላለም። ከቅንድቡ የሚወርደውን ደም እንኳ ሳይጠርግ፣ የሰው ሻንጣ ትከሻው ላይ እንደተሸከመ፣ ዝም ብሎ አየኝ። ያ ዝምታው ይበልጥ አበገነኝና ደገምኩት።

ለምን እንደመታሁት ከመናገሬ በፊት ስለ ቤታችን ላውራችሁ።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ጎብኚ በሚርመሰመስባት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ታላቅ ወንድሜና እኔ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተከራይተን የእንግዳ ማረፊያ ከፍተናል። እሱ ቧንቧ ይጠግናል፣ ከአስጎብኚዎች ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቁርስ እሠራለሁ፣ ከእንግዶች ጋር እጨቃጨቃለሁ። አንሶላው ካልነጣ እንግዳ ያኮርፋል። ሙቅ ውሃው ገላውን ሳሙና እንደተቀባ ከተቋረጠበት ደግሞ ፎጣ አገልድሞ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጮህብኛል። ወንድሜ እንዲህ ያለ ጊዜ «እህቴ ትመጣለች» ብሎ ይሰወራል።

እንግዳ የሚመጣልን በጀልባ ነው። ጀልባዋ ዳር ስትይዝ የየቤቱ እንግዳ ጠሪዎች ይንጋጋሉ፤ አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። «ንጹሕ ክፍል! ሐይቅ የሚያሳይ መስኮት!» እያሉ በሚያውቁትም በማያውቁትም ቋንቋ ይለፍፋሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ሸሚዝ ይቀዳደዳሉ። ሆኖም አንድ ሕግ አላቸው። የእንግዳውን ሻንጣ መጀመሪያ የጨበጠ እጅ እንግዳውን ወሰደ፤ ሌላው ጥርሱን ነክሶ ዞር ይላል። ሰው የጨበጠውን የነጠቀ ግን የነጠቀበት እጁ ይሰበራል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጣቶቹ ተቆልምመው የቀሩ ሰው ወደቡ ላይ አሁንም ዓሣ ይሸጣል። ከዚህ ቅጣት የሚያድን አንድ ነገር ብቻ ነው። የማረፊያው ባለቤት ወጥቶ «እንግዳው የሚጠበቅ ነበር፤ የላክሁት እኔ ነኝ፤ የቤቴ ሰው ነው» ካለ ጠቡ እዚያው ይበርዳል። የወንድሜ ቃል ደግሞ በተለይ ይከበራል። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ጠሪ ነበር፤ ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው።

ዝምተኛው የሚሉት የኔ ሰው ከኛ ግድግዳ ለግድግዳ ለተጠጋው ማረፊያ ነው የሚጠራው። ጠሪ ሆኖ አይጮህም። ከጀልባዋ ፊት ቆሞ የሰውን ዓይን ዓይን ያያል፤ እንግዳውም ከዚያ ሁሉ ሁካታ ሸሽቶ ሻንጣውን ለሱ ይሰጠዋል። እኔንም የወሰደኝ ያው እንደዚያ አድርጎ ነው። አንሶላ የማሰጣው ጣሪያ ላይ ሲሆን በሁለቱ ቤቶች ጣሪያ መሐል ክንድ የማይሞላ ክፍተት አለ። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም። አንድ ጠዋት ስታገል አየኝና ካለበት ሆኖ እጁን ዘረጋ፤ አንዱን ጫፍ ሰጠሁት። እሱ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ስንጠመዝዝ ውሃው ታች በሚያልፉ ሰዎች አናት ላይ ይንጠባጠባል፤ እኛ እንተያያለን። ከዚያ ወዲያ ንጹሑን አንሶላ ሳይቀር ማጠብ ጀመርኩ።

ወንድሜ የደረሰብን ቀን ባልዲውን ከነውሃው ወርውሮ የዝምተኛውን ግንባር ፈነከተው። እኔን ክንዴን ጨምድዶ ደረጃውን እየጎተተ አወረደኝ።

«ለሻንጣ ተሸካሚ ነው ያሳደግሁሽ? ትከሻዬ የተላጠው አንቺ የተሸካሚ ሚስት እንድትሆኚ ነው?»

«አንተስ ምን ነበርክ ጋሼ?» አልኩት።

ያኔ መታኝ። እናትና አባቴን ተክቶ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። በየክፍላችን ገብተን ሁለታችንም ስናለቅስ ዋልን።

ብዙም ሳይቆይ ባለሆቴሉ መጣ። በትልቁ ከተማ ሰፊ ሆቴል ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የአገራችን ሰው ነው። በመኪና መጥቶ ሲያየን ዝምተኛው ወደቡ ላይ ስለነበር የሰውየውን መልክ አላወቀውም። ሰውየው ክፍሎቻችንን ዞሮ ጎበኘ፤ ፍራሹን ጫን ጫን አደረገ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ በመጨረሻ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ጥሩ ነው» አለ። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

«ሊያገባሽ ነው፤ እኔም ሆቴሉን እይዝለታለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመኪና ይመጣል፤ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። እባክሽ አታዋርጂኝ» አለ ወንድሜ።

ዓርብ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ በተሰጣው አንሶላ መሐል ዝምተኛውን ጠራሁት።

«ነገ ከምሳ በኋላ ባለሆቴሉ በመኪና ይመጣል። ከሱ በፊት ናና ወንድሜን ጠይቀው። አፍ አለህ አይደል? ክፈተዋ!»

«ይገድለኛል» አለኝ።

«ይግደልህ! ሞተህም ቢሆን ና!»

ሳቀ፤ ሲስቅ ብዙም አላየውም። «እመጣለሁ» አለ። ያቺ አንዲት ቃል እንቅልፍ ነስታኝ አደረች፤ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ትራሱን ሳቅፈው አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብርጭቆ ሰበርኩ፣ እንቁላል አሳረርኩ፣ አንዲት እንግዳ ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨምሬባት አመሰገነችኝ። ወንድሜ አዲስ ቀሚስ አምጥቶ አልጋዬ ላይ ጥሎልኛል። ለብሼው በሩ ላይ ወጣሁ፤ ለሌላ ሰው እንደለበስኩት ግን አላወቀም።

ዝምተኛው ከጎዳናው ማዶ ብቅ አለ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጠጋ ሲል ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተቀዶ፣ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አንገትጌው ላይ ሲወርድ አየሁ። ትከሻው ላይ ትልቅ የቆዳ ሻንጣ አለ። ከኋላው ደግሞ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ የሚመጣው ባለሆቴሉ ነው! መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት በጀልባ ገብቶ ኖሯል።

ሰውየው በራችን ላይ ሲደርስ ከኪሱ ሳንቲም አወጣና ዝምተኛው ደረት ኪስ ውስጥ ወሸቀለት።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ሻንጣዬን ለመያዝ ከአንዱ ጎረምሳ ጋር ሲተናነቅ ብታዪው! ቤታችሁ ድረስ እየሮጠ ነው ያመጣኝ።»

ደሜ ፈላ። ወንድሜን እንዲጠይቅልኝ የላክሁት ሰው የሚያገባኝን ሰው በትከሻው ተሸክሞ አስረከበኝ፤ ያውም ተደባድቦ፣ ያውም ለሳንቲም። ያኔ ነው ያጮልኩት።

«ለዚህ ነው የለበስከው? ይህቺን ሳንቲም እንድታገኝ ነው ያለቀስኩልህ? ሂድ፣ ሌላዋንም ተሸክመህ ሽጣት!»

አፉን ከፈተ። ባለሆቴሉን አየ፣ ቀሚሴን አየ፣ መልሶ ባለሆቴሉን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀለም ጥርግ ብሎ ሲጠፋ አየሁት። ማን እንደተሸከመ የገባው ያን ጊዜ ነበር። እኔ ግን ያፈረ ሌባ መሰለኝና ደገምኩት። ከልቤ ጠላሁት።

ወንድሜ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ዝምተኛውን በራችን ላይ ሲያይ ሌላ ነገር አልጠየቀም። በቡጢ አፍንጫውን አለው፤ ሻንጣው ወድቆ ተንከባለለ። ጎንበስ ሲል በጉልበቱ ደረቱን መታው። ሲወድቅ በጫማው ጎኑን ረገጠው፤ ደገመው፣ ሰለሰው። ዝምተኛው እጁን አላነሳበትም። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ «ጋሼ… ጋሼ…» ብቻ ይላል። መጀመሪያ ላይ ይበለው ብዬ ነበር። ከአፉ ደም ሲወጣ ግን ይብቃው አልኩ በልቤ።

«ተወው እንግዲህ፤ ሸሚዝህን በደም አታበላሽ» አለ ባለሆቴሉ፣ ሻንጣውን ከአቧራው ላይ እያቃና።

ይህን ሲል ጎዳናው ላይ ሩጫ ተሰማ። የወደቡ ጠሪዎች ናቸው። ከፊት ኮርማው የሚሉት አለቃቸው አለ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ በእጁ የተሰበረ የመቅዘፊያ እጀታ ይዟል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልን» አለ ለወንድሜ እጅ እየነሳ። «ካንተ ጋር ጠብ የለንም። ዝምተኛውን ነው የምንፈልገው። ያን ሻንጣ እኔ ጨብጬው ነበር! እጄ ላይ እያለ መነተፈኝ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ገፍቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እሷን ልጠይቅ ነው የምሄደው። ወንድሟ ፊት ባዶ እጄን አልቀርብም፤ ከጀልባዋ የወረደውን ምርጥ እንግዳ ነው የምወስድላቸው› አይለኝም!»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ነጩ ሸሚዝ ለኔ ነበር። ደሙም ለኔ ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ ወንድሜን ደስ ሊያሰኝ ከዚያ ሁሉ መንገደኛ የለበሰውን፣ የደላውን መርጦ፣ የራሱን ጠላት በገዛ ትከሻው አምጥቶልኝ ነው። እኔ ደግሞ በጥፊ ተቀበልኩት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጠገቡ ተንበረከክሁ። «እውነት ነው?» ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ፋታ ሰጠሽኝ?» አለ ደሙን እየዋጠ።

አልቅሼ ልስቅ ስል ጠሪዎቹ ጎትተው አነሱት። ሁለቱ ትከሻውን ይዘው ቀኝ እጁን የደረጃችን ድንጋይ ላይ ዘረጉት። ኮርማው እጀታውን አነሳ። ጎረቤቶች በየመስኮቱ አሉ፤ ማንም አልወረደም።

«ጋሼ!» ጮኽኩ። «አንድ ቃል ነው! እንግዳው የሚጠበቅ አልነበር? ያንተ እንግዳ አይደል? የላክሁት እኔ ነኝ በል! የቤቴ ሰው ነው በል!»

ጠሪዎቹ ሁሉ ወደ ወንድሜ ዞሩ። ኮርማውም ጠበቀው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሜ ወደ ባለሆቴሉ ተመለከተ።

«እኛን ምን አገባን?» አለ ባለሆቴሉ። «የተሸካሚ ጠብ ነው። እንግባ በቃ፣ ፀሐይዋ ከብዳለች።»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ «አላውቀውም» አለ።

«ዋሸ! የላክሁት እኔ ነኝ! የዚህ ቤት ባለቤት እኔም ነኝ! ባሌ ነው፣ ሰማችሁ? ባሌ ነው!»

«እህቴ፣ እኛ የወንድምሽን ቃል ነው የምናውቀው» አለ ኮርማው። «ዞር በይልን።»

ዞር አላልኩም። ደረጃው ላይ ተደፍቼ እጄን እጁ ላይ አደረግሁት። «አንሺ» ይለኛል ዝምተኛው፣ «በእናትሽ አንሺ»፤ እኔ ይበልጥ ጨበጥኩት። ኮርማው እጀታውን እንዳንጠለጠለ ግራ ገባው። «በሴት እጅ ላይ አልመታም» ብሎ ወደ ኋላ አለ።

ያኔ ባለሆቴሉ ሳቀ። «እህትህን መያዝ ያልቻልክ ሰውዬ ሆቴል ልትይዝልኝ ነበር?» አለው ወንድሜን።

ወንድሜ ዓይኑ ደም ለበሰ። እጀታውን ከኮርማው እጅ መንጭቆ ራሴ ላይ ቆመ።

«አንሺ።»

«አላነሳም።»

«አንሺ አልኩሽ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«ስበረኝ ጋሼ።»

የማነሳ መስሎት ነበር፤ ዛሬም ይምላል። እኔ ደግሞ የማይመታኝ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም ተሳሳትን። የጣቶቼ አጥንት ሲሰበር የሰማሁት ሕመሙ ሳይደርሰኝ ነው። ከዚያ ሕመሙ መጣና ጎዳናው ሁሉ ነጭ ሆነብኝ።

ስነቃ የሚያገሳ ድምፅ ይሰማኛል። የማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር። ዝምተኛው ነው። የያዙትን ሁለቱን ጥሎ ወንድሜን ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል፤ ሁለት እጁ አንገቱ ላይ ነው። «መታሃት! እሷን መታሃት!» ይላል፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። የወንድሜ ከንፈር ጠቁሯል፣ እግሩ መሬት ይፈልጋል። ጠሪዎቹ ቢጎትቱትም ሊያላቅቁት አልቻሉም።

«ተወው» ለማለት ቸኮልኩ ብላችሁ ውሸቴን ነው። ጣቴን አየሁ። «አላውቀውም» ያለበትን አፍ አየሁ። ይሙት አልኩ በልቤ፤ ይሙት። አንድ ጊዜ ወንድሜ ዓይኑን ወደኔ አዞረ፤ አልለመነኝም። የሚገባው መሆኑን ያመነ ሰው ዓይን ነበር።

«ተወው!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜ ነው! ሌላ የለኝም፣ ተወው!»

ለቀቀው። ወንድሜ ከግድግዳው ተንሸራቶ ወደቀ። ባለሆቴሉ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ አንድ ቃል ሳይናገር ያን ከባድ ሻንጣ ራሱ አንጠልጥሎ፣ እየተንገዳገደ ወደ ወደቡ ወረደ። የጠራው ጠሪ የለም።

ወንድሜ በአራት እግሩ እየዳኸ ወደኔ መጣ። ማሳል አላስችለው ብሎ ቃሉ ተቆራረጠ። «ኮርማው…» አለ። «የላክሁት… እኔ ነኝ። የቤቴ ሰው ነው።»

ኮርማው የተሰበሩ ጣቶቼን አየ። «ዘገየህ ጋሼ» አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ወንድሜ ግንባሩን የደረጃው ድንጋይ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ ቢያሳዝነኝም ጠላሁት፣ ብጠላውም አሳዘነኝ።

ወደ ሐኪም ቤት የወሰደን ባጃጅ ጠባብ ነው። ሦስታችን ተጨናንቀን ተቀመጥን፤ እኔ መሐል፣ በአንድ ጎኔ አፍንጫው ያበጠው፣ በሌላው ጎኔ አንገቱ የቀላው። እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። ባለባጃጁ በመስታወት እያየን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ይነዳል። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሦስታችንም በየሕመማችን እናቃስታለን።

«ያምሻል?» አለኝ ወንድሜ።

«አዎ።»

«በጣም?»

«ዝም በል ጋሼ።»

ዝም አለ። ዝም ያላለው ሌላኛው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ላንድ ጉዳይ ነበር…»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። «አሁን?»

«አሁን። ቃል ሰጥቻታለሁ።»

ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔን አትጠይቀኝ» አለ። «የኔ ቃል ከዛሬ ወዲያ ምን ዋጋ አለው? እሷን ጠይቃት።»

ዝምተኛው ወደኔ ዞረ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ በሌላው አየኝ። «ስትመቺኝ አልከፋኝም» አለ። «የከፋኝ የሸጥኩሽ እየመሰለሽ መሞቴ ነበር። ይህን ሳልነግርሽ ቢገድለኝስ ብዬ ፈራሁ። ደሃ ነኝ፣ ንግግርም አላውቅም። ግን እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?»

ከዓርቡ «እመጣለሁ» ጋር ደምሬ እንኳ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጣቶቼ ይጠዘጥዙኛል፣ እንባዬ ካፍንጫዬ ውሃ ጋር ተቀላቅሏል፣ ቀሚሴ በሁለት ሰው ደም ተነክሯል። «እሺ» አልኩት። «እሺ፣ እሺ።» ደጋግሜ ስለው ባለባጃጁ ሳይቀር ሳቀ።

ወንድሜን ይቅር አላልኩትም፤ መቼ እንደምለውም አላውቅም። እያለቀሰ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ ግን አልገፋሁትም።